የተደበቀው ረድፍ፦ የ18,714 አፍጋኖች መዝገብ ከብሪታንያ መከላከያ እንዴት ወጣ፣ ከዚያስ እንዴት ተሸሸገ

ኤክሴል ላይ የሠራ ሰው «ደብቅ» የምትለውን ትእዛዝ ያውቃታል። ረድፉን መረጥ፣ በቀኝ ጠቅ፣ አለቀ። ሠንጠረዡ ያጥራል፣ ይጸዳል፣ ያምራል። ግን የጠፋ ነገር የለም። የተደበቀው ሁሉ እዚያው ተቀምጧል። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩ አብሮ ይሄዳል። ተቀባዩም በሁለት ጠቅታ ይገልጠዋል።

በአንድ ወቅት እሠራበት የነበረ ቢሮ ውስጥ «የሥልጠና ተሳታፊዎች» ተብሎ ለሁላችንም የተላከ ፋይል ነበር። አንዱ ቀልጣፋ ልጅ የተደበቀውን ዓምድ ቢገልጠው የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ ተዘርግፎ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ በደንብ አይነጋገሩም። ከዚያ ውጪ ጉዳት አልደረሰም፣ ስቀን አለፍነው።

እዚህ የምተርከው ጉዳይ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ስህተቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ፋይሉ ግን የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ነበር። ውስጡ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ስማቸው ታሊባን እጅ ከገባ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል የተባሉ ናቸው።

መዝገቡ ምን ነበር?

የብሪታንያ ጦር አፍጋኒስታን ውስጥ 20 ዓመት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት አስተርጓሚዎች፣ ሾፌሮች፣ ጠባቂዎች፣ አብረው የተዋጉ ወታደሮች ነበሩት። መውጫው ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 መጀመሪያ፣ እነዚህን ሰዎች ወደ ብሪታንያ ለማምጣት «አራፕ» የተባለ መርሐ ግብር ተከፈተ። በነሐሴ 2021 አጋማሽ ካቡል ወደቀች። ማመልከቻው እንደ ጎርፍ መጣ።

ጥገኝነት የጠየቀ፣ ወይም የወንድሙን ፎርም የሞላ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ያውቀዋል። ለዲያስፖራው አንባቢ ማብራራት አያሻኝም። ስም ብቻ አይደለም። ስልክ አለ፣ ኢሜይል አለ። የሚስት፣ የልጅ፣ የወንድም ስም አለ። «ከማን ጋር ሠራህ?» «ማን ይመሰክርልሃል?» የሚለው አለ። ሰውየው ለጎረቤቱ ያልነገረውን ሁሉ፣ ሊያድነኝ ይችላል ብሎ ለሚያምነው መንግሥት ይነግራል። እንዲህ ያለ ፋይል ለባለቤቱ የማምለጫ ትኬት ነው። ጠላት እጅ ሲገባ ያው ወረቀት የክስ መዝገብ ይሆናል። ከእነ ማስረጃው፣ ከእነ ምስክሩ፣ ከእነ አድራሻው።

ይህን የሚያህል ነገር በኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር የሚሠራበት።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መጥቶ ነበር

ትልቁ ስህተት ከመድረሱ ከወራት በፊት ትንሹ ደርሷል። በመስከረም 2021፣ ካቡል ከወደቀች ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ ማለት ነው፣ የመርሐ ግብሩ ቡድን አፍጋኒስታን ውስጥ ለቀሩ አመልካቾች የጅምላ ኢሜይል ላከ። የተቀባዮቹ አድራሻ መደበቅ ሲገባው ሁሉም ለሁሉም እንዲታይ ሆኖ ተላከ። በአንዱ መልእክት ብቻ 245 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ የ55ቱ ፎቶ ከአድራሻቸው ጎን ይታያል። አንድ ተቀባይ ደግሞ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭኖ ያለበትን ቦታ ለዚያ ሁሉ ሰው ጻፈ። ተደብቆ የነበረ ሰው ነው።

በኋላ ሲጣራ ስህተቱ በዚያው ወር ከአንድ ጊዜ በላይ ተፈጽሟል። በጠቅላላው የ265 ሰዎች አድራሻ ነው የወጣው። የወቅቱ የመከላከያ ሚኒስትር ቤን ዋላስ ፓርላማ ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ጉዳዩን መርምሮ በታኅሣሥ 2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣው። ጥፋቱ የአንድ ሠራተኛ የእጅ ስህተት ብቻ አልነበረም። ለዚህን ያህል አደገኛ ሥራ ሚኒስቴሩ የተማመነው በ«ቢሲሲ»፣ የተቀባዮችን አድራሻ እርስ በርስ በሚደብቀው የኢሜይል ሳጥን፣ ነበር። ሠራተኛው በድካም፣ በጥድፊያ መሃል ትክክለኛዋን ሳጥን ካልመረጠ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያች ሳጥን ሌላ መከላከያ አልነበረም።

ልብ በሉ። ቅጣቱ የተነገረው በታኅሣሥ 2023 ነው። በዚያ ሰዓት ኮሚሽነሩም ሚኒስቴሩም ሌላ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ሕዝብ አያውቅም።

የካቲት 2022

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመከላከያ ባልደረባ የአመልካቾችን ማንነት ለማጣራት እየሠራ ነበር። «ከእናንተ ጋር ተዋግቻለሁ» የሚል ሰው እውነቱን ይሁን አይሁን ለንደን ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ቆርጦ የጥቂት ሰዎችን ዝርዝር ላከ። ቢያንስ እሱ የመሰለው እንደዚያ ነው። 150 ያህል ረድፍ መስሎታል።

የሄደው ግን ሠንጠረዡ በሙሉ ነው። 33,000 ያህል ረድፍ። እስከ ጥር 7 ቀን 2022 ድረስ ያመለከቱ 18,714 ሰዎች ስምና የመገናኛ አድራሻ፣ ለአንዳንዶቹም የቤተሰብ ዝርዝር። ላኪው ያያቸው 150ዎቹን ነበር። የተቀሩት ተደብቀው አብረው ተጓዙ። የተላከውም ከተፈቀደው የመንግሥት ሥርዓት ውጭ በሆነ ኢሜይል ነው።

ወደ ውጭ የወጣው የአፍጋኖቹ ስም ብቻም አልነበረም። ማመልከቻውን የደገፉ የፓርላማ አባላትና ከፍተኛ መኮንኖች ስም አለበት። ከ100 በላይ የብሪታንያ ባለሥልጣናት፣ የልዩ ኃይልና የውጭ ስለላ ሰዎችን ጨምሮ፣ እዚያ ውስጥ መገኘታቸው በመጨረሻ ተነግሯል። ምስክር ሆኖ ስሙን የሰጠ ሁሉ አብሮ ወጣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ምንም የተሰማ የለም። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሚኒስቴሩ አያውቅም። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከመዝገቡ ውስጥ ምን እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጣ የሚነግረው ነገር ከሌለው መዝገቡን ይዞታል ለማለት ይከብዳል። እኛ ሰፈር ያለ ባለሱቅ እንኳ በዱቤ የወጣውን ስኳር ደብተሩ ላይ ያሰፍራል።

አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ

ነሐሴ 14 ቀን 2023። አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ የ9 ሰዎችን ዝርዝር ለጠፈ። ሙሉው መዝገብ እጁ ላይ እንዳለም ፍንጭ ሰጠ። አፍጋኖችን በበጎ ፈቃድ የሚረዱ ሰዎች አይተው ደነገጡ። ለሚኒስትሮችና ለፓርላማ አባላት ጻፉ። ሚኒስቴሩ ስለ ገዛ ፋይሉ የሰማው እንግዲህ ከፌስቡክ ነው። ጽሑፉ በቀናት ውስጥ እንዲነሳ ተደረገ። ግን ፋይሉን ማን ማን እንደያዘው ማን ያውቃል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እዚህ ላይ የሚኒስቴሩ የሕግ ክፍል ገባ።

በብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት የግል መረጃ ሲያመልጥ ሁለት ግዴታ አለ። አንደኛው ለመረጃ ኮሚሽነሩ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው፣ አደጋው ከባድ ከሆነ፣ ለራሱ ለመረጃው ባለቤት ሳይዘገዩ መንገር ነው። ሁለተኛው ለምን እንዳለ ግልጽ ነው። ሰውየው ስልኩን ይቀይር ዘንድ ነው። ቤት ይቀይር ዘንድ፣ ልጆቹን ወደ ዘመድ ይልክ ዘንድ። ኮሚሽነሩ ተነገረው። ለባለቤቶቹ ግን ሊነገራቸው አልቻለም። ምክንያቱም የሕግ ክፍሉ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ።

ጋዜጠኞች ወሬውን ማሽተት ጀምረው ነበር። ሚኒስቴሩ ያሰበው እንዲህ ነው። ታሊባን ምናልባት ይህ ፋይል መኖሩን አያውቅም። ጋዜጣ ከጻፈው ያውቃል። ካወቀ ይፈልገዋል፣ ከፈለገው ያገኘዋል። ስለዚህ ማንም እንዳይጽፍ ይታገድ። ለሕግ ክፍሉ ፍትሐዊ እንሁን፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ይመስለኛል። ቤት እየተቃጠለ ለሌባ በሩ ክፍት ነው ብሎ አይጮህም።

ዋላስ በኋላ እንደተናገሩት የጠየቁት ተራ እግድ ነው፣ ለአራት ወር ያህል። እሳቸው ሥልጣን ሲለቁ፣ መስከረም 1 ቀን 2023 ዳኛ ሮቢን ኖውልስ የሰጡት ግን ሱፐርኢንጀንክሽን ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ተራ እግድ «ይህን አትጻፍ» ይላል። ሱፐርኢንጀንክሽን «እንዳትጽፍ መታገድህንም አትናገር» ይላል። ይህኛው ደግሞ በአንድ ጋዜጣ ላይ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ላይ የወጣ ነበር። የሰማ ሁሉ እግዱን የማክበር ግዴታ ይወድቅበታል። የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ጠይቆ እንዲህ ያለ እግድ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ዝግ ችሎት

ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ለሕግ ሰው ትምህርት ቤት ነው። ችሎቱ ይሰየማል፣ ማንም አያውቅም። ጋዜጠኞች ይገባሉ፣ ጠበቆቻቸው ይከራከራሉ፣ ወጥተው ለአለቃቸው እንኳ መናገር አይችሉም። የተወሰነው ክፍል ደግሞ ለጋዜጠኞቹም ዝግ ነበር። የእነሱን ጥቅም ወክለው የሚገቡት ልዩ ጠበቆች ናቸው። እነዚያ ጠበቆች የሰሙትን ለሚወክሏቸው ሰዎች መንገር አይፈቀድላቸውም። እኔ ይህን ሳነብ ጠበቃና ደንበኛ ለየብቻ የሚሄዱበት ክርክር ምን ዓይነት ክርክር ነው አልኩ። የብሔራዊ ደህንነት ችሎት ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ማርቲን ቼምበርለይን ገና በጠዋቱ አልተመቻቸውም። መንግሥት እንዲህ ያለ እግድ ሲሰጠው ፍርድ ቤቱ የሳንሱር መሣሪያ ሆነ የሚል ጥርጣሬ መነሳቱ አይቀርም፣ ጥርጣሬውም ለመረዳት አያስቸግርም አሉ። በግንቦት 2024 እግዱ እንዲነሳ ወሰኑ። ምክንያታቸው ጥብቅ ነበር። መንግሥት ሊያወጣ ያሰበው በመዝገቡ ካሉት ጥቂቶቹን ነው። የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩት አይወጡም፣ እንዲያውቁም አይደረግም። ታሊባን ፋይሉን ቀድሞ አግኝቶት ከሆነ ምስጢሩ የሚጠብቀው ማንን ነው? ራሱን ለማዳን አንድ ነገር ማድረግ የሚችለው ሰው ብቻ ነው ያልሰማው።

መንግሥት ይግባኝ አለ። በሐምሌ 2024 ይግባኝ ሰሚው ችሎት እግዱን አጸናው። በዚያው ወር ምርጫ ተደርጎ መንግሥት ተቀየረ፣ እግዱ ግን ቀጠለ። አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትር ጆን ሂሊ ነገሩን ያውቁት ነበር። በታኅሣሥ 2023 ተቃዋሚ ሳሉ ተነግሯቸው፣ እግዱም ደርሷቸው አፋቸው ተለጉሞ ነው የቆዩት። የስለላ ሥራን የሚቆጣጠረው የፓርላማ ኮሚቴ ግን አልተነገረውም። ምስጢር እንዲያዩ የተሾሙ ሰዎች ናቸው፤ የዚህኛው ምስጢር መኖር ተደበቀባቸው።

ምስጢራዊው መንገድ

በዚህ መሃል መንግሥት ሰው እያወጣ ነው። በሚያዝያ 2024 «የአፍጋኒስታን ምላሽ መንገድ» የተባለ ስውር መርሐ ግብር ተከፈተ። በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ይበልጥ አደጋ ላይ ናቸው የተባሉት ተመርጠው ከነቤተሰባቸው መጡ። እስከ ሐምሌ 2025 ወደ 900 አመልካቾችና 3,600 ያህል የቤተሰብ አባላት መጥተዋል ወይም በመንገድ ላይ ነበሩ። ወጪው 400 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል። የተገባው ቃል ሁሉ ሲፈጸም 850 ሚሊዮን ይደርሳል ተባለ። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት በኋላ ሲያየው ሚኒስቴሩ ትክክለኛውን ወጪ ለይቶ ማሳየት አልቻለም ብሏል። ለነገሩ ከፓርላማ ተደብቆ የሚወጣ ገንዘብ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል?

አንድ ወቅት ላይ ችሎቱ የሰማው ዕቅድ እስከ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ነበር። ሊታደጉ የሚገባቸው ሰዎች ቁጥር ከነቤተሰባቸው እስከ 100,000 ሊሆን እንደሚችልም በሰነዶቹ ላይ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ የአንድ ኢሜይል ዋጋ ነው። ስለ ቤት እጥረት፣ ስለ ስደተኛ ሆቴል በየቀኑ በሚጨቃጨቅ አገር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገብተው፣ ለምን እንደገቡ መናገር ወንጀል ሆነ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንዲሉ ነው።

የሪመር ወረቀት

በጥር 2025 ሂሊ ጡረታ የወጡ ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ፖል ሪመርን ነገሩን እንደ አዲስ እንዲያዩት ጠየቁ። ሪመር በሰኔ ሪፖርታቸውን ሰጡ። ብዙውን የሚኒስቴሩን ግምት የሚንድ ነበር።

ታሊባን በቀድሞ ጠላቶቹ ላይ በዝርዝር ይዞ የሚሄድ የተቀናጀ የበቀል ዘመቻ ለማካሄዱ የተገኘው ማስረጃ ጥቂት ነው አሉ። የወደቀው መንግሥት መዝገቦችም ቀድመው እጁ ገብተዋል። ስለዚህ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ መገኘት ብቻውን አንድን ሰው ዒላማ ያደርገዋል ማለት ይከብዳል። ቀጥሎ ያሉት ነገር ነው እኔን ቁጭ ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ። ስውሩ መርሐ ግብርና እግዱ ራሳቸው የፋይሉን ዋጋ ከፍ አድርገውት ሊሆን ይችላል። መንግሥት ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ይህን ያህል ፈርቶ የሚጠብቀው ወረቀት ከሆነ ለጠላት ትልቅ ነገር ይመስለዋል።

ይህ ማለት ግን ማንም አልተጎዳም ማለት አይደለም። አፍጋኒስታን ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ተገድለዋል፣ ታስረዋል። የትኛው ሞት ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ ማን ለይቶ ይናገራል? ሪመርም እርግጠኛነትን አልሰጡም፣ ሚዛንን ነው ያስቀመጡት። ለፍርድ ቤቱ ግን በቂ ሆነ። ሚዛኑ ሲቀየር እግዱ የቆመበት መሬት ተነሳ።

እኔ ከጉዳዩ የምወስደው ይህን ነው። ላኪው የተደበቀ ረድፍን እንደጠፋ ቆጠረው። ሚኒስቴሩም የታገደ ወሬን እንደተጠበቀ መዝገብ ቆጠረው። ሁለቱም ጋ ፋይሉ እዚያው ነበር። ከላይ ያለው ገጽ ብቻ ነው የጸዳው። የአንደኛው ስህተት ሰከንድ ፈጀ። ሁለተኛው ወደ ሁለት ዓመት ሄደ፣ በጠበቆች ምክር ተደግፎ።

ማን ተቀጣ?

አጭር መልስ፦ ለትልቁ ጥፋት፣ ማንም። ፖሊስ የወንጀል ምርመራ አያስፈልግም አለ። የመረጃ ኮሚሽነሩም ሚኒስቴሩን ሲከታተል መቆየቱን ገልጾ ተጨማሪ እርምጃ አልወስድም አለ።

እዚህ ላይ ንጽጽር ግድ ይለኛል። ነሐሴ 8 ቀን 2023፣ የአፍጋኖቹ ዝርዝር ፌስቡክ ላይ ከመታየቱ ስድስት ቀን በፊት፣ የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለአንድ የመረጃ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ከመልሱ ጋር ኤክሴል ፋይል ነበር። በፋይሉ ውስጥ የተደበቀ ገጽ ነበር። በገጹ ላይ የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች ስምና የሥራ ቦታ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ኢንተርኔት ላይ ቆየ። ፖሊስ መሆኑን ከጎረቤት የሚደብቅ ሰው በሞላበት አገር ነው ይህ የሆነው። ያው ስህተት፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው ሳምንት ለማለት ምንም አልቀረው። ኮሚሽነሩ ያንን ፖሊስ በጥቅምት 2024 በ750,000 ፓውንድ ቀጣ።

የ265 ሰዎች አድራሻ 350,000። የ9,483 ሰዎች ስም 750,000። የ18,714 ሰዎች ስም፣ ከነሕይወታቸው፣ ዜሮ። ሒሳቡ አይገባኝም። የመንግሥትን ገንዘብ በመንግሥት ቅጣት ማመላለስ ትርጉም የለውም የሚል ክርክር አለ፣ እሱን እሰማለሁ። ግን ያ ክርክር ለፖሊሱ ያልሠራ ለሚኒስቴሩ ለምን ሠራ?

በነሐሴ 2025 ደግሞ ቢቢሲ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። የአፍጋኖችን ማመልከቻ በሚያየው ክፍል ውስጥ በአራት ዓመት 49 የመረጃ ማምለጥ ተመዝግቧል። አንድ ሰው፣ አንድ መጥፎ ቀን የሚለው ትረካ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጠረጴዛው ላይ ምን ቢደረግ ይሻል ነበር?

ብዙ የሚያራቅቅ ነገር የለውም። በተለይ የወታደር ሕግ ቢሮ ውስጥ መዝገብ የሚይዝ ሰው በልማድ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች ናቸው።

ዋናውን ፋይል ማንም አይልክም፣ በቃ። 150 ሰው ካስፈለገ የ150 ሰው መረጃ በአዲስ ባዶ ፋይል ላይ ይገለበጣል። ከዚያም ድብቅ ነገር መያዝ ወደማይችል ተራ ጽሑፍ ይቀየራል። ለዚህ «ሲኤስቪ» የሚባለው ዓይነት አለ፤ ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ለዓይን ይታያል። ኮሚሽነሩም ከሰሜን አየርላንዱ ጉዳይ በኋላ የመንግሥት ቢሮዎች ዋና የኤክሴል ፋይላቸውን ለሕዝብ መስጠት እንዲያቆሙ መክሯል። ኤክሴል ራሱ የተደበቀ ነገር ካለ የሚፈትሽ መሣሪያ አለው። ስንት ሰው እንደሚከፍተው አላውቅም እንጂ አለ።

ሁለተኛው የመግቢያ ጉዳይ ነው። አጣሪው 150 ሰው ካጣራ ለምን 18,714 ሰው ይከፈትለታል? በደንብ የተሠራ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የድርሻውን ብቻ ያሳያል። ማን መቼ ምን እንደከፈተ ይመዘግባል። ትልቅ ፋይል ከግቢ ሊወጣ ሲል ያቆማል። ያን ቢኖራቸው በየካቲት 2022 አንድ ቀይ ሳጥን ብቅ ብላ «ይህን ሁሉ ነው የምትልከው?» ትል ነበር። ቢያንስ ቢያንስ ሲጠየቁ በቀናት ውስጥ ይደርሱበት ነበር።

ሂሊ ለፓርላማው ከገቧቸው ቃሎች ውስጥ ይኸው አለበት፦ አዲስ የመረጃ ኃላፊ፣ መረጃን በጥንቃቄ የሚያጋራ አዲስ ሶፍትዌር፣ የቆዩ የአፍጋን ፋይሎችን እንደገና መመርመር። ጥሩ ነው። በመስከረም 2021 ከነበረው የኢሜይል ጉድ ማግስት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነበር።

የሕግ ክፍሉን በተመለከተ የምለው አንድ ነው። እግድ ጊዜ መግዣ ነው። ጊዜው ሲገዛ ምን ይሠራበታል የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት፣ ከማብቂያ ቀኑ ጋር። ለባለመዝገቦቹ መንገር የሚጀመርበት ቀን ያልተቆረጠለት እግድ እንደ ዱቤ ይረዝማል። አራት ወር የተባለው ወደ ሁለት ዓመት የተጠጋው እንዲህ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2025

በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ እግዱ ተነሳ። ዳኛ ቼምበርለይን ፍርዳቸውን አነበቡ። ሂሊ ፓርላማ ተነስተው ይቅርታ ጠየቁ። ስውሩ መንገድም ተዘጋ፤ ቃል የተገባላቸው ብቻ ይመጣሉ ተባለ። የተቃዋሚው ፓርቲ ተጠሪም፣ ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው የእነሱ ፓርቲ ነበርና፣ ይቅርታ አለ። ካሳ የሚጠይቁ አፍጋኖች ጠበቃ ይዘው ተሰለፉ። ሚኒስቴሩ እከራከራለሁ አለ።

ለባለመዝገቦቹ በዚያው ቀን ኢሜይል ተላከ። መንግሥት አንድ ገጽም ከፈተ። የማመልከቻ ቁጥርህን ታስገባለህ፣ ስምህ በወጣው ፋይል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይነግርሃል። ካቡል ያለ፣ ፔሻዋር ያለ፣ ኢራን ተሻግሮ ቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን ያስገባል። ፋይሉ ከወጣ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል።

ስሙ ካለ ምክር ይከተላል። ከማታውቀው ቁጥር ስልክ አታንሳ። ማኅበራዊ ገጽህን ማን እንደሚያየው ገድብ። ከቻልክ ቪፒኤን ተጠቀም።